ሰማንያ እስኪሞላ

አዳማ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ» መባባል ከቀረ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። አሁን የሚባለው «ስንት አደርሽ» ነው። ኤልዳናም በዚያ የሚያዝያ ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስትወርድ ሊፍቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ጋሽ ናሆም ሲገቡ እንደ ወጉ ጠየቀቻቸው።

«ስንት አደሩ ጋሽ ናሆም?»

«ሰባ ዘጠኝ፣ ተመስገን። አንቺስ?»

«ሰባ አራት።»

«ይበቃል፤ ጥሩ ነው።»

እስከ ምድር ቤት ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። አንድ ሕንፃ ላይ ሲኖሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ኤልዳና የሰውዬውን ቁጥር በየቀኑ ታውቃለች፤ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን አታውቅም።

ኤልዳና ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ስሟ የዘመናይ ሕፃናት ስም ነበር፤ አሁን የአሮጊት ስም ሆኗል። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ብቻዋን የሚለውን ቃል ግን ሰው አይጠቀምበትም፤ ምክንያቱም እንደማንኛውም ቤት የእሷም ቤት እፎይ አለው። እፎይ ድምፅ ነው። ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ። ጠዋት ይቀሰቅሳታል፣ ያየችውን ሕልም ይጠይቃታል፣ ስሜቷን ከሚለካው የእጅ አንጓዋ አምባር ላይ ቁጥሯን አንብቦ ቀኗን ያሰናዳላታል። «ዛሬ አለቃሽ ያፌት ስልሳ ሦስት ነው ያደረው፤ እስከ አራት ሰዓት ባታናግሪው ይሻላል» ይላታል። እሷም አታናግረውም። ከሃምሳ በታች ያደረ ሰው ሥራ አይገባም፤ ያርፋል። በየደረጃው ግድግዳ ላይ «ሐዘንህን ለእፎይህ፣ ሰላምታህን ለጎረቤትህ» የሚል ተለጥፏል።

ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ ሲሞቱ የኤልዳና ቁጥር ወደ ሠላሳ አንድ ወርዶ ነበር። ወደ ማረፊያ ቤት ወሰዷትና ዘጠና ቀን ተቀመጠች። እዚያ በየማታው «ላቅልልሽ?» እያሉ ይጠይቋታል፣ እሷም «አቅሉልኝ» ትላለች። ሰባ ሆና ወጣች። የእናቷ መልክ፣ እጃቸው፣ ቁጣቸው ሁሉ ትዝ ይላታል። ቀብራቸውና ለቅሷቸው ግን እንደተጠረገ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ብትፈልገው ብትፈልገው አንድ ፊደል አታገኝበትም። ስትወጣ ወረቀት አቀረቡላት። ከባድ ወሬ አቅሟ ሲፈቅድ ብቻ እንዲደርሳት መስማማቷን የሚገልጽ ነው። ፈረመች። ማን አይፈርምም?

ያላት ወንድም አንድ ነው፤ ኪሩቤል። ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ በያጅ ነበር። ከማረፊያ ቤት በወጣች ሰሞን ተጣልተዋል። «እናታችንን ዓይንሽ ሳይረጥብ ቀበርሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ የኪሩቤል ስልክ በእፎይ በኩል ሆነ። ሃያ ደቂቃ ቢያወራ ከባዱ ተወስዶ ቀላሉ ይደርሳታል፤ «ኪሩቤል ሰላም ብሎሻል። ድሬ ሞቋል ይላል።» ከኅዳር ወዲህ ደግሞ «ዛሬ ከድሬዳዋ የማደርስልሽ የለኝም» ብቻ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ኤልዳና ተመችቷት ነበር። ጭቅጭቁ ቀረላት።

የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መስታወት ሞርዳ ፍሬም ውስጥ ስትከት ኖራለች። በዚያ ሰኞ አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ገባች። አርባዎቹን የተሻገረች፣ ሻሿን ወደኋላ የጣለች፣ አቧራ የጠጣ የመንገድ ቦርሳ ያንጠለጠለች ናት።

«ኤልዳና የምትባለው እዚህ ነው የምትሠራው?»

«እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ፈቲያ እባላለሁ» አለች። «ከድሬ ነው የመጣሁት። የኪሩቤል ጎረቤት ነኝ፤ የሚለየን ግድግዳ ነው።»

ኤልዳና ፈገግ አለች። «ውይ፣ እንዴት ነው እሱ? ሞቋል አሉ ድሬ።»

የፈቲያ ፊት ተለዋወጠ። «አቦ፣ አንቺ ሴት» አለች። «የምልሽን አምስት ወር ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት። ቀብሩ ላይ ቀረሽ፤ ይሁን፣ መንገድ ይዟት ነው አልን። አርባው ላይም ቀረሽ። ወንድምሽን ባዳ ነው የቀበረው። አሁን ደግሞ እንዴት ነው ትይኛለሽ?»

ኤልዳና እጇ ላይ የነበረውን መስታወት ሳህኑ ውስጥ በጥንቃቄ አስቀመጠችው።

«የማን ቀብር?» አለች።

ፈቲያ አፏን በእጇ ያዘች። ንዴቷ እንደመጣ ሄደ። «አልነገረሽም?»

«ማን?»

«ያ የቤትሽ ነገርዬ። እኔው ራሴ ነኝ የነገርኩት። ሦስት ጊዜ ደውዬ። ‹ይደርሳታል› አለኝ።»

ፈቲያ ልትወቅስ እንጂ ልታረዳ አልነበረም የመጣችው። የራሷ እናት ያጫወቷት ትዝ አላት፤ ድሮ መርዶ ሲነገር ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሟቹን የሚያውቅ ሁሉ ተጠርቶ፣ የሚረዳው ሰው ተይዞ፣ ተደግፎ ነው። እሷ ግን በቁም፣ በሥራ ሰዓት፣ ከሱቅ ጠረጴዛ ማዶ ሆና አረዳቻት። «ያ ረቢ፣ ምን አደረግሁ» አለች በለሆሳስ።

የኤልዳና አምባር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃምሳ አንድ። አርባ። ሠላሳ አራት።

ያፌት ከጓዳ ወጣ። ከእሷ በሃያ ዓመት የሚያንስ፣ ትሑት ሰው ነው። ሦስት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ቆመና በተለማመደው ዝግ ያለ ድምፅ «እትዬ ኤልዳና፣ ይረፉ። መኪና ጠርቼልዎታለሁ» አላት።

«ወንድሜ ሞቷል፣ ያፌት።»

«እፎይዎ ይረዳዎታል» አለና የራሱን አንጓ አየ። ክፉ ሆኖ አይደለም። የኃላፊው ቁጥር ከስልሳ በታች ከወረደ ሱቁ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ሁሉ ይበተናል። አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

መኪናውን ትተው በእግር ሄዱ። ፈቲያ ክንዷን ይዛ ነበር። የአንድ ቀን ፈቃድ ነው ያላት፤ በስምንት ሰዓቱ ባቡር መመለስ አለባት። ሕንፃው በር ላይ ሲደርሱ «ቤትሽ ውስጥ ሰው አለ?» አለቻት።

«እፎይ አለ።»

«ሰው ነው ያልኩሽ።»

ፈቲያ ግንባሯን ሳመቻት። «ክፍሉ እንዳለ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ስልኩም አለ። ነገ ነይ። ነይ እሺ?» አለችና ሁለት ሦስቴ ዞር እያለች እያየቻት ሄደች።

ኤልዳና ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ታውቅ ነበር?» አለች ወደ ግድግዳው።

«አውቅ ነበር» አለ እፎይ። ዋሽቶ አያውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንደፈረምሽው ነው ያደረግሁት። የቅርብ ዘመድ ሞት ከሰማንያ በታች ላለ ሰው አይነገርም። ጥር አሥራ ሁለት ቀን ሰባ ዘጠኝ ደርሰሽ ነበር፤ በማግስቱ ወደ ሰባ አምስት ወረድሽ።»

«ሰማንያ ባልደርስስ?»

«እጠብቅ ነበር። የእናንተም ሰዎች እኮ መርዶ ቀን ጠብቀው፣ ጊዜ መርጠው ነበር የሚያረዱት። እኔም የያዝኩት ያንኑ ወግ ነው።»

ኤልዳና ይህን ነገር ደጋግማ አሰበችው። ውሸት የለበትም። ግን የጎደለ ነገር አለው፤ ምን እንደሆነ ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«ሰዎቹስ?» አለች በመጨረሻ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«መርዶ ይዘው የሚመጡት። ብዙ ሆነው ነበር የሚመጡት። ነግረው አይሄዱም፣ አብረው ይቀመጣሉ።»

«እኔ አለሁ» አለ እፎይ። ቀጥሎም፣ ልክ በማረፊያ ቤቱ እንደነበረው፣ «ላቅልልሽ?» አላት።

እሺ ብትል ምን እንደሚሆን ታውቀዋለች። ነገ ስልሳ ትነቃለች። በሦስት ወር ሰባ ትገባለች። ኪሩቤልም ከእናቷ ለቅሶ ጎን፣ ያ የተጠረገ ሰሌዳ ላይ ይገባል።

«አይ» አለች።

ተነስታ ወደ ደረጃው ወጣች። ለምን እንደወጣች አልገባትም፤ ብቻ ቤቱ ውስጥ ሊሆንላት አልቻለም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋባት። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ሳል ይመስል ነበር። ቀጥሎ «ኪሩዬ» የሚል ቃል መጣ፤ ልጅ ሳለ የምትጠራበት ስሙ ነው። እሱን ተከትሎ ሌላው ሁሉ መጣ። ሆዷ ውስጥ ለሦስት ዓመት ታጥፎ የተቀመጠ ነገር ተተርትሮ ወጣ። ድምፅዋ በደረጃው ቁልቁል እስከ ምድር ቤት ሄዶ ተመለሰ።

ያኔ ከጎን ካለው ቤት የዝናብ ድምፅ ተሰማ። ከፊት ለፊቱም ቤት። ከስድስተኛ ፎቅ፣ ከስምንተኛ ፎቅ። ከየበሩ ሥር አንድ ዓይነት፣ ለስለስ ያለ የክረምት ዝናብ። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ግን አንድ ደመና አልነበረበትም፤ ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። ጎረቤቶቿ እንዳይሰሟት፣ ሰምተውም ቁጥራቸው እንዳይወርድ፣ እፎዮቻቸው ዝናብ እያሰሟቸው ነው።

ኤልዳና ለቅሶዋን አቋርጣ ሰማች። ባለፉት ሦስት ዓመታት እሷ ራሷ ስንት ጊዜ ዝናብ እንደሰማች ታወሳት። በታኅሣሥ። በጥር አጋማሽ። አዳማ ላይ፣ ጠብታ በማይወርድበት ወር። እንዴት ደስ ይላል እያለች ጋቢዋን ደርባ ጥቅልል ብላ ትተኛ ነበር።

ማንም አልወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊፍቱ ሰባተኛ ፎቅ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ናሆም ናቸው፤ በቤት ጫማ። ከአምስተኛ ፎቅ እስከዚህ የሚያመጣቸው ሌላ ጉዳይ የለም። አዩዋት፤ አፋቸውን ከፈቱ። አምባራቸው ጮኸ። «አይዞሽ» አሉ፤ ቃሉ ለረጅም ጊዜ ከተዘጋ ቤት የወጣ ዕቃ ይመስል ነበር። ከሊፍቱ ግን አልወረዱም። በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት አምባሩን አወለቀችና የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ባቡር ጣቢያ በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ባዶውን አንጓዋን አይታ «ቁጥርዎ?» አለች።

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አለች ኤልዳና።

ወጣቷ ቃሉን ለማስታወስ የምትሞክር መሰለች። ከኋላ ሰልፉ እየረዘመ ነው። ቀና ብላ አለቃዋ አለመኖሩን አየችና መግቢያውን በእጇ ገፍታ ከፈተችላት።

ድሬዳዋ ስትደርስ ፈቲያ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። የኪሩቤል ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የብየዳ ጭንብል ነበረበት። ፈቲያ ያለውን ሁሉ ሳትቀንስ ነገረቻት። ስኳር ነበረበት። እግሩ ቆስሎ አልድን አለ፣ በኋላ ዓይኑ ፈዘዘ። በመጨረሻው ሳምንት «እህቴን ጥሩልኝ» ይል ነበር።

«ዓይኑ ፈዘዘ?» አለች ኤልዳና።

«ሰው በድምፅ ነበር የሚለየው።»

ኤልዳና ሁለት እጆቿን አየቻቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት መነጽር የሠሩትን። ከዚያ ስልኩን ተቀበለች።

እሷ ዘንድ ሳይደርሱ የቀሩት መልእክቶች አርባ አንድ ነበሩ። ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ኤልዱ፣ ያን ቀን በእማዬ ነገር ያልኩሽን ተይው። አንቺ አይደለሽም፤ ያደነዘዙሽ እነሱ ናቸው። ይሄንንም እኮ አያደርስልሽም፣ አይደል? ‹ሰላም ብሏል› ነው የሚልሽ። በይ፣ ሰላም ብያለሁ።»

በሌላው ቀን፤ «ሁለት ጣቴን ቆረጡኝ። የጫማ ቁጥሬ ግን ያው አርባ ሁለት ነው፤ ጠይቄያቸዋለሁ።» ይህን ብሎ ሲስቅ ይሰማል፤ ሳቁ መሐል ላይ ቆም ይላል። አንዱ መልእክት ላይ ምንም ንግግር የለም፤ ትንፋሹና ከሩቅ የሚሰማ ሬዲዮ ብቻ ነው። እሱንም እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ለእያንዳንዱ ጮክ ብላ መልስ ትሰጥ ነበር። «ለምን ሐኪም ቤት ቶሎ አልሄድክም፣ አንተ ግትር» ትለዋለች። «ማን ነው ያበሰለልህ?» ትለዋለች። ፈቲያ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። የእሷም አምባር ሲነዝር አውልቃ ጡቷ ሥር ወሸቀችው፤ ከጨርቁ ውስጥ እንደ ንብ ይጮህ ነበር።

የመጨረሻው ኅዳር ሦስት የተቀዳ ነው። ድምፁ ቀጥኗል።

«ኤልዱ፣ ዛሬም ደህና ነች አለኝ። ደህና ከሆንሽ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ይቺን ብቻ ለሰው ልንገር ብዬ ነው።»

ኤልዳና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሰባ አራት ነበርኩ፣ ኪሩዬ» አለችው።

ፈቲያ የግቢውን ሰው ጠርታ ነበር። አምስት ስድስት ሰው መጣ። አንዳንዱ በር ላይ ቆሞ አንጓውን እያየ ሄደ፤ አንዳንዱ ገብቶ የሚለው ሲያጣ ስለ ኪሩቤል አወራ፤ የተበላሸ በራቸውን በነፃ እንደበየደላቸው፣ ሲሰክር እንደሚዘፍን። ወደ ማታ ሲሆን ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ። ኤልዳና ያን ሁሉ አልቅሳ አልቀለላትም። እንዲያውም ከበደ። ግን ክብደቱ የኪሩቤል ነበር፤ መልክ ነበረው።

ሰባት ቀን ተቀምጣ አዳማ ተመለሰች። ወደ ማረፊያ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ፊርማዋን አነሳች። ጸሐፊው «ከእንግዲህ ምንም ነገር አይከለልልዎትም፤ ቤትዎም ዝም ይላል» ብሎ አስጠነቀቃት። አሥር ቀን ሳይሞላ መነጽር ቤቱ ወንበሯን ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ያፌት ይቅርታ የሚል አጭር ጽሑፍ ላከ። እፎይ ከሌለ ቤቱ ውስጥ የሚያወራ የለም። ስልኳ አሁን ያለ ማጣሪያ ክፍት ነው፤ ከፈቲያ በቀር ግን የሚደውል አልነበረም። ጠዋት ስትነቃ ስንት እንደሆነች የሚነግራት ስለሌለ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ታዳምጣለች። አንዳንድ ቀን መከፋቷን ታውቃለች፣ አንዳንድ ቀን መራቧን ብቻ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሩዝ ስትለቅም ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ቧንቧ መሰላት። ሰው ነው። ጎን ያለው ቤት አምና የገባችው ወጣት ሴት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሰማንያ አንድ ትላለች። ስሟን ኤልዳና ጠይቃት አታውቅም።

ትሪውን አስቀመጠች። በእንዲህ ያለ ጊዜ የድሮ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም ነበር፤ ምን ይይዝ እንደነበር ግን ልታስታውስ አልቻለችም። ነጠላዋን ደርባ ባዶ እጇን ወጣችና አንኳኳች።

ለቅሶው ተቋረጠ። «ማነው?»

«ጎረቤትሽ ነኝ። ኤልዳና እባላለሁ።»

«ደህና ነኝ። እፎይ አለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም። ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

በሩ አልተከፈተም። ኤልዳና ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ከበሩ ሥር፣ ሊሾው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ተንቋቋ። ከታች ሊፍቱ ወጣ፣ ወረደ። በኋላ ከውስጥ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማች፤ ወንበር ይሁን ትራስ አልለየችውም። እየቀረበ መጣና በሩ ሥር ሲደርስ ቆመ። ለቅሶው እንደገና ሲጀምር ከእንጨቱ ወዲያ፣ ከትከሻዋ ትክክል ነበር።